ማን አስቀመጣቸው?

ጋሼ የሞቱት ተቀምጠው ነው፤ ነገሩን ያከበደውም ይኸው ነው።

ሐኪሙ ጠዋት ደርሶ አያቸውና ጓንቱን እያወለቀ ልብ ነው አለ። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ልባቸው ከቆየ የታመመ ሰው ናቸው፤ ትናንት አመሻሹ ላይ ቀጥ ብሎባቸዋል፤ የመታቸውም ያነቃቸውም የለም። ወረቀቱን ሊፈርም ብዕሩን ሲያወጣ መርማሪዋን ምንጣፉ ላይ ቁጢጥ ብላ አገኛት። ባልደረቦቿ «ወስፌ» ይሏታል። እሷ ስለቀጠነች ይመስላታል፤ እነሱ ግን የነካችውን ሳትበሳ ስለማትተው ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለችው።

በጋሼ ተረከዝ ሥር የምንጣፉ ጠጉር በሁለት መስመር ተፍቆ ክሩ ወጥቷል። የወንበሩ የክንድ ማሳረፊያ ጨርቅም ጣቶቻቸው ባረፉበት በሁለቱም በኩል ተጨማዶ ተተርትሯል።

«ለመነሣት ሲታገሉ ነበር» አለ ሐኪሙ ቀስ ብሎ።

«ለረጅም ጊዜ። ታዲያ ለምን አልተነሡም?»

ሐኪሙ ብዕሩን ወደ ኪሱ መለሰው።

ክፍሉ ጋሼ የእንግሊዝኛና አማርኛ መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጁበት ነው። ከወለል እስከ ጣሪያ የቃላት ካርድ ሣጥን ተደርድሯል። መሀል ላይ ደረት የሚደርስ ረጅም ጠረጴዛ ቆሟል፤ ከኋላው ወንበር የለም፣ ኖሮም አያውቅም። ስልኩ እዚያ ላይ ነው። ከስልኩና ከመብራቱ በቀር ጠረጴዛው ባዶ ነው፤ አንድ ካርድ እንኳ የለበትም። መስኮቱ ሥር ዝቅ ያሉ፣ ሰው የሚያሰምጡ ሁለት የጨርቅ ወንበሮች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ጋሼ ከአንዱ ውስጥ እንደ ወደቀ ልብስ ተጣጥፈዋል። በሸሚዝ ናቸው። ኮታቸውና ከዘራቸው በሩ አጠገብ ከፍ ብሎ በተመታ ማንጠልጠያ ላይ ተሰቅለዋል።

ወስፌ በእግሯ ጣት ቆማ ኮቱን አወረደች። የግራ እጅጌው ላይ ሻይ ፈስሶበት እንደ ካርቶን ደርቋል። ኪሱ ውስጥ ትንሽ ጠርሙስ አለች፤ ልብ ሲይዝ ከምላስ ሥር የሚደረግ ክኒን።

«ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል ይላሉ» አለች። «እኚህ ደግሞ ሌላ ሰው ቆሞ የሰቀለባቸውን ቁጭ ብለው ማውረድ አቃታቸው።»

ልጃቸው ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። አላለቀሰችም፤ ፊቷ ግን ካለቀሰ ፊት ይብሳል። ወስፌ ላጽናናሽ አላለችም፤ አትችልበትም። ስለ አባቷ ወገብ ጠየቀቻት።

ልጅቱ እንደ ትምህርት ቤት ጥያቄ መለሰች። የአባቷ አከርካሪ ከብዙ ዓመት በፊት ተጣብቆ ቀርቷል። ሲቆሙ ወታደር ናቸው። መተኛትም፣ እዚሁ ጓዳ ውስጥ በልካቸው የተሠራ ከፍ ያለ አልጋ ስላለ፣ በጎናቸው እየተደገፉ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፤ ሥራ ሲበዛ እዚያው ያድራሉ።

«መቀመጥ ግን የሰው እጅ ይፈልጋል» አለች። «ብቻውን አይቀመጥም፤ ተቀምጦም ብቻውን አይነሣም። መደርደሪያው ላይ ያለችውን ጠንካራ ትራስ አየሻት? እኔ ሳስቀምጠው እሷን ከሥሩ አደርጋለሁ። አለዚያ ያ ወንበር ይውጠዋል፤ ሁለት ሰው እንኳ አልቦት ነው የሚያወጣው።»

«ትናንት ልትወስጃቸው አልመጣሽም።»

አልመጣችም። ጠዋት ተጣልተዋል። ሌላ ከተማ ሥራ አግኝታ ነበርና አብረን እንሂድ ብላ ለመነችው። እሱ የያዝኩት ቃል ይለቅ አላት። እሷ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ የያዘው ቃል ሲያልቅ ስትጠብቅ ኖራለች፤ እናቷም ስትጠብቅ ነው ያለፈችው።

«'እንግዲያው ቃላቱ ያንሡህ' ብዬው ወጣሁ» አለች። «ማታ ቤት ቁጭ ብዬ ሰዓቱን አየሁት። ይደር አልኩ። እልህ ነው።» ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ወስፌን ቀና ብላ አየቻት። «አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። እኔን ሲጠብቅ ነው የሞተው?»

«አላውቅም።»

«'እሜቴ' ነበር የሚለኝ። እንደ እመቤት ስለምቆጣው። ሲጠራኝ አልሰማ እል ነበር፣ ሆን ብዬ፣ ሁለተኛ እንዲጠራኝ።»

«ሳውቅ እነግርሻለሁ» አለች ወስፌ። የገባችውን ቃል አጥፍታ የማታውቅ ሰው ናት፤ ለዚህም ነው ብዙ ቃል የማትገባው።

የሟቹ ታናሽ ወንድም ከሕንጻው ሥር ማተሚያ ቤት አለው። ወስፌ ስትገባ ማሽኖቹ ቆመዋል፤ ሽማግሌው በግራ እጁ ብቻ ቀለም የነካ ጨርቅ እያጠበ ነው። ቀኝ ክንዱን ድሮ ማሽን በልቶበታል፤ ከደረቱ በላይ አይወጣም። ዓይኑ ቀልቷል፣ አፉ ግን ልማዱን አልተወም።

«እኔ 'ቆሞ ቀሮቹ' ነው የምላቸው» አለ። «እሱንና መዝገበ ቃላቱን አብሮት የሚሠራውን ምክትሉን። አንዱም አይቀመጥም። እሱስ ወገቡ ነው፤ ያኛው ደህና ወገብ ይዞ ከሱ በላይ ይቆማል። የምክትሉ ሚስት ጥላው የሄደችው ምን ብላ መሰለሽ? 'ፈረስ ነው ያገባሁት፣ ቆሞ የሚያንቀላፋ።'»

«ታዲያ እነዚያ ሁለት ወንበሮች ለምንድን ናቸው?»

ወንድምየው ጨርቁን ጨመቀው። በዚያ ቤት ሥርዓት አለ፤ ጋሼ ናቸው ያወጡት። ቃል እስኪያልቅ ማንም አይቀመጥም። የቃሉ ካርዶችም ከረጅሙ ጠረጴዛ ላይ አይነሡም። ሲያልቅ ካርዶቹ ይነሡና ሁለቱ ይቀመጣሉ፤ ሻይ ይቀዳል፤ ምክትሉ ያነባል፣ ጋሼ ይሰማሉ። አንድ ጊዜ አዲስ ገብ ሠራተኛ ደክሞት ቃሉ ሳያልቅ ቢቀመጥ በማግስቱ ሌላ ሥራ ፈልግ ተብሏል።

«አሁን ደግሞ የተያዙበት ቃል ፌዙን አየሽልኝ? 'ሲት'። በእንግሊዝኛ መቀመጥ ማለት ነው። ቆመው መቀመጥን ሲፈቱ ክረምቱ ገብቶ ወጣ። እኔ ታች ማሽኔን ወልውዬ እጠብቃለሁ፤ ሳልሞት አትሜው ልሙት እያልኩ።»

«ከምክትሉ ጋር ተስማምተው ነበር የሚኖሩት?»

«ከልጁ አስበልጦ ያየው ነበር። ግን አይነግረውም። 'ምክትል' እንጂ በሌላ ጠርቶት አያውቅም፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም ሳይረሳው አልቀረም።» ፈገግ ሊል ሞከረና አልሆነለትም። «ትናንት ማሽኖቹ እስኪመሽ ሲንጓጉ ነበር» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ቢጮህ እንኳ አልሰማውም።»

ምክትሉ የራሱ ክፍል ውስጥ፣ የራሱ ረጅም ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ቁመቱ በሩን ሊነካ ምንም አይቀረው። ወስፌን ሲያይ በክፍሉ ካለችው አንዲት ወንበር ላይ የካርድ ክምር አነሣና ወለሉ ላይ አስቀምጦ «ይቀመጡ» አላት። አልቀመጥም አለችው። እሱ ተቀመጠበት፣ ረጃጅም እጆቹንም በጉልበቱ መሀል አደረገ።

ትናንት ከሻይ ሰዓት በፊት መውጣቱን ነገራት። ጋሼን ቆመው ነው የተዋቸው፤ ደህና ነበሩ። ስለ ቃሉ ስትጠይቀው ግን ድምፁ ነፍስ ዘራ።

«መቀመጥ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል» አለ። «ሌላው እንደዚያ ነው የሚያልፈው። ጋሼ ግን የአንድ ቃል በር ካንኳኳህ ቤተሰቡ ሁሉ ይወጣል ይላሉ።»

ቤተሰቡን ቆጠረላት። ዶሮ እንቁላሏን ስትታቀፍ፣ ፍርድ ቤት ሲያስችል፣ ተማሪ ሲፈተን፣ ልብስ በገላ ላይ ልክ ሲሆን፣ ሰው ለሠዓሊ ፊቱን ሲሰጥ፣ እንግሊዙ ለሁሉም ይህችኑ ቃል ይላል። ሥሯ እንግሊዝኛ ከመባሉ በፊት ከነበረ፣ ማንም ጽፎት ከማያውቅ ልሳን ነው፤ ሊቃውንት ከልጅ ልጆቹ ተነሥተው «ሴድ» ይሆናል ብለው ገምተውታል። ኮርቻን የሚጠሩበት ቃል ከዚያ ነው፣ ሰው ይቀመጥበታልና። ጥቀርሻን የሚጠሩበትም ከዚያ ነው፣ ግድግዳ ላይ ተቀምጦ ይቀራልና። ፕሬዚዳንት እንኳ ከዚያው ነው፤ ከፊት የሚቀመጥ።

«እኛ ከነሱ ጋር ዝምድና የለንም» አለ፣ ዓይኑ ወለሉ ላይ። «ግን ሰውን ቤቱን ስንጠይቀው 'የት ነው የምትቀመጠው?' እንላለን። ጋሼ ይሄንን ሲያስተውሉ እንደ ሕፃን ሳቁ። 'የትም አገር ሰው የተቀመጠበት ነው ቤቱ' አሉኝ።»

«ቃሉ አለቀ?»

«ገና ነው። ብዙ ይቀረዋል።»

ግድግዳው ላይ የአንዲት ሴት ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ወስፌ ዓይኗን ስትጥልበት እናቴ ናት አላት። በሕይወት አሉ? ብላ ጠየቀችው።

«ዐረፈች» አለ። «እኔ እዚህ ቆሜ።»

ወስፌ አመስግና ወጣች። ደረጃው ጋ ስትደርስ ግን ቆመች፤ ጫማ ውስጥ እንደገባች ጠጠር አንድ ነገር ቆረቆራት። ተመልሳ ገርበብ ባለው በር አየችው። ሰውየው አሁንም ከወንበሩ አልተነሣም።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም በጋሼ ክፍል ሰበሰበቻቸው። አስከሬኑ ተነሥቷል። ሁለቱ ወንበሮች እንዳሉ ናቸው፤ ማንም አልቀረባቸውም። ልጅቱ መስኮቱ ጋ፣ ወንድምየው በሩ ጋ፣ ምክትሉ በረጅሙ ጠረጴዛ በኩል ቆመዋል።

«ሐኪሙ ልብ ነው ብሏል፤ እኔም አምነዋለሁ» አለች ወስፌ። «ማን ገደላቸው ብዬ አልመጣሁም። ማን አስቀመጣቸው ብዬ ነው። ብቻቸውን አይቀመጡም፤ ስለዚህ ሰው ነበር። ያ ሰው ኮታቸው ላይ ሻይ ቢፈስ እንዳይበርዳቸው አውልቆ እንዲደርቅ ሰቀለው። ከዘራቸውን እንዳያደናቅፍ አጠገቡ ሰቀለው። ሊገድል የመጣ ሰው ኮት አያደርቅም። ይሄ ሰው ሲገባ በፍቅር ነው የገባው። በፍቅር የሚሠራ እጅ ደግሞ የለመደውን ነው የሚሠራው።» ወደ ልጅቱ ዞረች። «የአንቺ እጅ ትራስ ነው የለመደው። ትራሷ ከመደርደሪያው አልወረደችም። አንቺ አይደለሽም።»

ልጅቱ ዓይኗን ጨፈነች።

«አባቴ» አለች ወንድምየውን ከዘራውን እያቀበለችው፣ «ይህን ከዘራ ቅድም ወደነበረበት ይስቀሉልኝ።»

«አልችልም፤ እያየሽ» አለ ሽማግሌው።

«አይቻለሁ። ወንድምዎንም በአንድ እጅ ወንበር ውስጥ ማውረድ አይችሉም። ይህን ሁሉ ያለ ጭንቅ የሚሠራ አንድ ረጅም ሰው ነው።»

ወደ ምክትሉ ዞረች።

«ጠረጴዛው ባዶ ነው» አለች ወስፌ፣ ድምፅዋን ሳትጨምር። «ካርዶቹ ተነሥተዋል። ጋሼ ተቀምጠዋል። ሻይ ተቀድቷል። በዚህ ቤት ሥርዓት ይህ አንድ ነገር ማለት ነው፦ ቃሉ አልቋል። እርስዎ ግን ገና ነው አሉኝ።»

«ብርጭቆ አላገኙም» አለ ምክትሉ።

«አላገኘሁም። አንሥተውታል። ግን ለዚያ አይደለም የተያዙት። ገና ነው ሲሉኝ ተቀምጠው ነበር። በዚህ ቤት ሃያ ዓመት ሙሉ ያላለቀ ቃል ላይ ያልተቀመጡ ሰው፣ እኔ ፊት ለፊት ቁጭ አሉ። ሐዘን ጉልበት ይሰብራል ብዬ ልተወው ነበር። ግን እኔ ስገባ ቆመው ነበር፤ ወንበሩን ለእኔ ነው ያራገፉት። አልቀመጥም ስልዎ ሰውነትዎ አላመነታም። አፍዎ ገና ነው ይላል፤ ጉልበትዎ ግን ማለቁን ያውቃል።»

ምክትሉ በመዳፉ ባዶውን ጠረጴዛ እንደ ፈረስ አንገት ዳበሰው።

«አልቆ ነበር» አለ። «አስቀመጥኳቸው። ሻይ ቀዳሁ፤ ብርጭቆውን ሲቀበሉኝ ፈሰሰባቸው። ኮቱን ሰቀልኩ፣ አነበብኩላቸው። ደስ ብሏቸው አለቀሱ። ከዚያ 'ጎጆስ?' አሉኝ።»

«ጎጆ?» አለች ወስፌ።

«የወፍ ጎጆ። እንግሊዞች የሚሉት ቃል ከዚያው ሥር ነው፤ ወርዳ የምትቀመጥበት ማለት ነው። እኛ ግን ከዓመታት በፊት በጨረስነው ፊደል ሥሩ አይታወቅም ብለን አልፈነዋል። 'ስንቱን እንዲህ አስተን ይሆን?' አሉ። 'ምክትል፣ ከመጀመሪያው ፊደል እንጀምር።' እየሳቁ ነው የሚሉኝ። እንደ የምሥራች።» ፎቶግራፉ እዚህ ክፍል ያለ ይመስል ግድግዳውን አየ። «እናቴ 'ና አንድ ጊዜ ልይህ' ብላ ስትልክብኝ ይህ ፊደል ይለቅ አልኳት። ስደርስ ተቀብራለች። ከመጀመሪያው ሲሉኝ፣ ሁለተኛ እንድቀብራት ያዘዙኝ መሰለኝ። 'እንግዲያው ተቀምጠው ይቆዩ፤ መጠበቅ ምን እንደሚመስል ይዩት' አልኳቸው። ካርዱንም ብርጭቆውንም ይዤ ወጣሁ።»

«ክኒኑ ኮቱ ውስጥ እንዳለ ያውቁ ነበር?»

«አላሰብኩትም። ትንሽ ላስጠብቃቸው ነበር። ደረጃው ላይ ቆምኩ። ሲጣሩ ሰማሁ። ትንሽ ይቆዩ አልኩ። ከዚያ ዝም አሉ። እንቅልፍ ወሰዳቸው አልኩ። እንዲያ ማለት ፈለግኩ።»

ወንድምየው ደህናውን እጁን አነሣ፤ ሊመታው ይመስል ነበር። እጁ ግን ግድግዳውን ያዘና እዚያው ቀረ። «ማሽኑን ባጠፋው ኖሮ» አለ ለራሱ።

ልጅቱ ከመስኮቱ ጋ መጥታ ምክትሉ ፊት ቆመች።

«ማንን ነው የጠራው?»

ሰውየው አያት። ረጅም ነው፤ እሷን ለማየት አንገቱን ሰበር ማድረግ ነበረበት።

«እኔን» አለ። «'ልጄ፣ ና አንሣኝ' ነው ያሉት። የአንቺን ስም አላነሡም። እኔ ደረጃው ላይ እንዳለሁ ያውቁ ነበር።»

ልጅቱ ራሷን ነቀነቀች፣ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ሌላ ጊዜ። ትከሻዋ ላይ የነበረው ነገር ወርዶ ደረቷ ውስጥ ሲገባ ወስፌ አየችው።

ምክትሉን ራሷ ወደ ኮሪደሩ አወጣችው። በሩን ገርበብ አደረገች።

«'ልጄ' ብለውዎት ያውቃሉ?»

«አንድም ቀን» አለ።

«እሷን ነበር የጠሩት።»

ረጅም ቁመቱ በግድግዳው ላይ ዝቅ፣ ዝቅ እያለ ወርዶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«'እሜቴ' እያሉ» አለ። «ድምፃቸው እስኪጠፋ። እኔን አንድ ጊዜም አልጠሩኝም። ቢጠሩኝ ኖሮ እገባ ነበር። እግዜር ያውቃል፣ እገባ ነበር።»

ወስፌ አንድ ፖሊስ ጠርታ እንዲጠብቀው ነገረችውና ተመልሳ ገባች። ወንድምየው ወርዷል። ልጅቱ አባቷ በሞተበት ወንበር ውስጥ ተቀምጣለች፤ እስከ ወገቧ ሰምጣለች፤ ተረከዟ ከተፋቀው ምንጣፍ ላይ ነው። ያልመጣላት ለቅሶ መጥቶ፣ አልፎ፣ ፊቷን አጥቦታል።

«ሳውቅ እነግርሻለሁ ብለሽኝ ነበር» አለች። «እውነቱን ነው የነገረኝ?»

ወስፌ የበሩን እጀታ እንደያዘች ቆመች። ከዚያ ለቀቀችው።

«እውነቱን ነው» አለች። «አንቺን አልጠበቁም።»

ልጅቱ ለመነሣት ሞከረችና ወንበሩ አልለቅ አላት። ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች። ወስፌ እግሯን አጽንታ፣ ጎንበስ ብላ፣ በሁለት እጇ አነሣቻት።